ሴቷ በየትኛው በር ትገባለች?

ጅማ ላይ ለአማተር የቴአትር ክበባት አባላት፣ ለተማሪዎችና ለቴአትር ወዳጆች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አስተካክዬዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ የተነሱትን ጥያቄዎችም አካትቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ!

ብዙ ሳላንዛዛ መጋረጃውን ልክፈተው። አሁን እዚህ መድረክ ላይ የቤተሰብ ድራማ ሊጀመር ነው እንበል። ምን እንደምታዩ ገና ሳይጀመር ታውቁታላችሁ። መሃል ላይ ሶፋ አለ፤ ከሶፋው ፊት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ። በአንድ በኩል የውጭ በር፣ በሌላው በኩል ወደ ጓዳ የሚወስድ መጋረጃ። ባልየው በውጭው በር ይገባል። ኮቱን ያወልቃል፣ ሶፋው ላይ ዘርፈጥ ይላል፣ ይጣራል። ሚስቲቱ ከጓዳ ብቅ ትላለች፤ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች።

እስካሁን ከስም መጥራት በቀር አንድም ቃል አልተነገረም። ነገር ግን ሴትየዋ ተሠርታ አልቃለች። ከየት እንደመጣች፣ ማን ሲጠራት እንደምትመጣ፣ እጇ ምን ላይ እንደነበረ አውቀናል። ባልየውም እንዲሁ ተሠርቶ አልቋል። ደራሲው የቱንም ያህል ያማረ ቃለ ተውኔት ቢጽፍ፣ ቃሉ የሚያርፈው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አንድ ነው፤ ሌላው ሁሉ የእሱ ማብራሪያ ነው። ስለ ሴትና ወንድ በቴአትር ሲወራ ሁላችንም ወደ ጽሑፉ እንሮጣለን። ገጸ ባሕርይዋ ጠንካራ ናት ወይስ ደካማ? ትማራለች ወይስ ትዳራለች? እያልን እንከራከራለን። እኔ ግን ዋናው ሥራ የሚሠራው ልምምድ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ በየትኛው በር እንደምትገባ፣ ምን ላይ እንደምትቀመጥ፣ ነጠላዋን እንዴት እንደምትለብስ፣ ሲጮህባት ወዴት እንደምትመለከት ሲወሰን። ይህን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምንወስነው ሳናስበው ነው፤ ከእኛ በፊት የነበሩት እንዳደረጉት እናደርጋለን። ከእኛ በፊት የነበሩትንም ወደ ኋላ እየተከተልን ብንሄድ፣ መጨረሻ ላይ የምናገኘው ሴት አይደለችም። ቀሚስ የለበሰ ወንድ ልጅ ነው።

ጾታና ሥርዓተ ጾታ ስለሚባሉት ነገሮች ልዩነት በየሥልጠናው ስለሰማችሁ አልደጋግመውም። አሜሪካዊ ፈላስፋ ጁዲት በትለር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ ያነሱትን አንድ ሐሳብ ብቻ ልዋስ፦ ሴትነትና ወንድነት በመደጋገም የሚጸኑ ድርጊቶች ናቸው። አረማመዱ፣ አቀማመጡ፣ አሳሳቁ ዕለት ዕለት ሲደጋገም እንደ ተፈጥሮ ይቆጠራል። ሐሳቡ በዩኒቨርሲቲዎች ብዙ አነጋግሯል፤ የቴአትር ሰውን ግን የሚያስደነግጠው አይመስለኝም። እኛ አንድን አረማመድ የተዋናዩ የራሱ እስኪመስል ድረስ ስናስደጋግም ነው የምንውለው።

ወደ ታሪኩ ልግባ።

የአማርኛ ቴአትር ሲጀመር መድረኩ ላይ ሴት ብቻ ሳይሆን ሰውም አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ለመድረክ የበቃው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ገጸ ባሕርያቱ እንስሳት ናቸው። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት የዘመኑን አስተዳደር በእንስሳት ተረት ነቀፉ፤ ቤተ መንግሥቱም ገባውና አገደው። ከዚያ የጸሐፌ ተውኔቱ የዮፍታሔ ንጉሤ ዘመን መጣ። ቴአትር ቤቱ ትምህርት ቤት ነበር፤ ተዋንያኑም ተማሪዎች። ተማሪ ማለት ደግሞ በዚያን ጊዜ ከጥቂቶች በቀር ወንድ ልጅ ማለት ነው። እናቲቱን፣ ሙሽሪትን፣ ባልቴቷን የሚጫወተው ድምፁ ገና ያልጎረነነ ልጅ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋምም፣ ከነጻነት በኋላም፣ ይህ ልማድ ቶሎ አልቀረም። ጨዋ ነኝ የሚል ቤተሰብ ሴት ልጁን ወደ መድረክ አይልክም፤ መድረክና ጠጅ ቤት በሰዉ ዓይን ጎረቤታሞች ነበሩ።

አሁን ያን ልጅ በዓይነ ኅሊናችሁ አምጡት። ዕድሜው ዐሥራ አራት ቢሆን ነው። ሚስት ሁን ተብሏል። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ ማይክሮፎን የለም፤ መጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ይህ ልጅ ሴት መሆኑን በመጀመሪያው ደቂቃ ማመን አለበት። ልጁ ምን ያደርጋል? እናቱን አስተውሎ አንድ በአንድ ለመምሰል ጊዜም ፋታም የለውም። ከሩቅ የሚታየውን ምልክት ይመርጣል። ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። ሲስቅ አፉን በነጠላ ይሸፍናል። ትከሻውን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፣ እርምጃውን ያሳጥራል፣ ድምፁን ያቀጥናል። ሲያለቅስ ደረቱን ይደቃል። በዚህ ልጁን አልወቅሰውም፤ ብልህ ነው፤ ሥራውን ሠርቷል።

ቆይቶ ሴቶቹ መጡ። ከመጀመሪያዎቹ አንዷ በ1940ዎቹ መድረክ የረገጠችው ክራር ደርዳሪዋ አስናቀች ወርቁ ናት። ዛሬ ስሟን የምናነሣው በክብር ነው፤ በ2004 ዓ.ም. መስከረም ስታርፍም አገር አልቅሶላታል። ያን ጊዜ ግን ሴት ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ ሰው ፊት ማልቀስዋና መሳቅዋ ራሱ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። እና ሴቶቹ መድረኩ ላይ ሲደርሱ ባዶ ሆኖ አላገኙትም። «ሴት» የሚባል ነገር ቀድሞ ተሠርቶ፣ ተመልካቹም ለምዶት፣ አጨብጭቦለት ጠበቃቸው። አዘጋጁ «እንዲህ አድርጊ» ሲላት ልጁ ያደርገው የነበረውን ነው የሚያሳያት። ስለዚህ ዛሬም ድረስ በየቴሌቪዥን ድራማው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የምትስቀውን ሚስት ሳይ፣ ከኋላዋ ያ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ይታየኛል። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ የሚከራከረኝ ካለ ደስ ይለኛል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ጃፓኖች ዘንድ ደግሞ ይባስ ብሎ የተገላቢጦሽ ነው። ካቡኪ የሚባለውን ቴአትራቸውን እ.ኤ.አ. በ1603 ኪዮቶ ላይ የጀመረችው ኦኩኒ የምትባል ሴት ናት፤ እሷም የወንድ ልብስ ለብሳ ትጫወት ነበር። በ1629 መንግሥት ለሥነ ምግባር ሲባል ብሎ ሴቶችን ከመድረክ አገደ። የፈጠሩትን ቤት ለቀው ወጡ። በምትካቸው ሴትን የሚጫወቱ ወንዶች፣ ኦናጋታ የሚባሉት፣ በትውልድ የሚወራረስ ሙያ አደረጉት። ከእነሱ ስመ ጥር የነበረው ዮሺዛዋ አያሜ፣ ኦናጋታ ከመድረክ ውጭም እንደ ሴት መኖር አለበት ብሎ ይመክር ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥሩ ሴት ማለት ጥሩ ኦናጋታ የሚያሳየው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1913 የተቋቋመው ታካራዙካ ደግሞ ሴቶች ብቻ የሚጫወቱበት ነው፤ ወንዶቹን የሚጫወቱት ሴቶች በአድናቂዎቻቸው ዘንድ ከእውነተኛዎቹ ወንዶች ይበልጥ ይወደዳሉ ይባላል። ለምን እንደሆነ ወንዶቻችን ቤት ሄደው ያስቡበት።

ቻይናዊው ሜይ ላንፋንግ የሴት ገጸ ባሕርያትን በመጫወት ዓለም ያወቀው ወንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ሞስኮ ላይ ሲጫወት ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ቤርቶልት ብሬሽት አይቶት ተደነቀ። ያስደነቀው ሜይ ሴት መምሰሉ አይደለም። ሴት ሲያሳይ «እያሳየሁ ነው» የሚለውንም አብሮ ማሳየቱ ነው። ይህን ስም ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፀጋዬ ገብረ መድኅን «እናት ዓለም ጠኑ» ብሎ ወደ እኛ አገር ያመጣው ተውኔት መነሻ የብሬሽት ሥራ ነው። ያቺ እናት ጋሪዋን እየጎተተች በጦርነት የምትነግድ ሴት ናት። ልጆቿን ትወዳለች፤ ትርፏንም ትወዳለች። «እናት» ሲባል ወዲያው የምናለቅስ ሕዝብ ፊት እንዲህ ያለች እናት ማቆም ድፍረት ይጠይቃል።

ለንደንን በአጭሩ ልለፈው። የሼክስፒርን ሴቶች ሁሉ በመጀመሪያ የተጫወቱት ወንዶች ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1660 «ኦቴሎ» ሲታይ ዴዝዴሞናን የተጫወተችው ሴት ነበረች፤ ተመልካቹ እንዳይደነግጥ ይሁን እንዲደነግጥ፣ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ወጥቶ የዛሬዋ ሴት እውነተኛ ሴት መሆኗን በግጥም አስታወቀ። ፀጋዬ ወደ አማርኛ የመለሰውን «ኦቴሎ» ብሔራዊ ቴአትር ላይ ያዩ ሰዎች እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አላስፈለጋቸውም፤ የእኛ ሴቶች ያን ጊዜ መድረኩን ይዘውት ነበር።

ብሔራዊ ቴአትር ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ያ ቤት በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል ሲከፈት የታየው የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው። ታሪኩን ከመጽሐፍ ቅዱስ ታውቁታላችሁ። ንጉሥ ዳዊት የወታደሩን ሚስት ይወስዳል፣ ወታደሩን ያስገድላል። ሁሉ ነገር የሆነው በቤርሳቤህ ምክንያት ነው። ርዕሱ ላይ ግን የሁለቱ ወንዶች ስም አለ፤ የእሷ የለም። ይህን የምለው ደራሲውን ለመክሰስ አይደለም። እንደ አዘጋጅ ግን ልምምዱን የምጀምረው ከዚህ ነው፦ ንጉሡ ከሰገነት ሲያያት፣ እኛ የምናያት በማን ዓይን ነው? መብራቱ በእሱ ፊት ላይ ከሆነ የእሱን ፈተና እናያለን። በእሷ ፊት ላይ ከሆነ፣ ቤተ መንግሥት የተጠራች ሴት ምርጫ እንዳልነበራት እናያለን። ጽሑፉ አንድ ነው፤ መብራት የሚያበራው ልጅ ግን ሁለት የተለያየ ተውኔት ሊያሳየን ይችላል።

ስለ ኮሜዲ ስናወራ ደግሞ መንግሥቱ ለማን ማለፍ አይቻልም። «ጠልፎ በኪሴ» ጠለፋን ይዞ የሚያስቅ ተውኔት ነው። ሳቁ ወደ ጠላፊዎቹ እንዲዞር ታስቦ የተጻፈ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን አስታውሱ፣ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባት ከክስ ይድን ነበር። ይህ ማምለጫ የተዘጋው ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ያን ተውኔት ያን ጊዜ ሲያይ የሳቀ ሰው የሳቀው ሕጉ በሚያልፈው ነገር ነው፤ ዛሬ የሚስቀው ሕጉ በሚቀጣው ነገር ነው።

እና ዛሬ የጠለፋ ትዕይንት፣ የዚህም ይሁን የሌላ ተውኔት፣ እንዴት ይዘጋጅ? ከሥራው ቅርብ ሆኜ ልንገራችሁ። ብዙ ቦታ ያየሁት አሠራር ይህ ነው፦ ጉልበተኛው ልጅቷን ትከሻው ላይ ያወጣታል፤ ጀርባው ለተመልካች ነው ወይም ጎኑ፤ እኛ የምናየው የሚወራጩ እግሮቿን ነው። እግር ሲወራጭ ያስቃል። ፊት የሌለው ሰው እንደ ዕቃ ነው፤ ዕቃ ተሸክሞ የሚንገዳገድ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ያስቃል። አሁን ተሸካሚውን አዙሩት። ፊቷ ወደ እናንተ ይሁን። ሌላ ምንም አትቀይሩ፤ ጩኸቱም ያው፣ ሙዚቃውም ያው። አዳራሹ ከሳቁ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። አንዳንዱ ግማሽ ሳቁ አፉ ላይ እንዳለ ይቀራል። መንግሥቱ ለማ ዓይነት ጸሐፊ የሚፈልገው ይህችኑ ቅጽበት ይመስለኛል።

ስለ መጨረሻዎችም አንድ ነገር። የኖርዌዩ ኢብሰን እ.ኤ.አ. በ1879 ኖራ የምትባል ሚስት ባሏንና ልጆቿን ትታ በሩን ዘግታ ስትወጣ የሚያበቃ ተውኔት ጻፈ። ጀርመን ላይ ኖራን የምትጫወተው ተዋናይት «እኔ ልጆቼን ጥዬ አልወጣም» አለች፤ ኢብሰንም እያዘነ ሌላ መጨረሻ ጻፈላት። እኛ አገር ቢሆን ኢብሰን ራሱ ባልተቸገረ ነበር። ኖራ በሩን ስትከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው ይጠብቋታል። የቤተሰብ ድራማዎቻችን የሚያልቁት እነሱ ዘንድ ነው። ዕርቅን አልጠላም፤ ጥሩ ዕርቅ መድረክ ላይ ማየት ልብ ያሞቃል። የሚያናድደኝ ሽማግሌዎቹ ተናግረው፣ ባል ተናግሮ፣ አማት ተናግራ፣ እሷ አጎንብሳ ጉልበት ስትስም መጋረጃው መዘጋቱ ነው። ከተነሣች በኋላ ምን እንደምትል ለመስማት ትኬት የገዛሁ ሰው ነኝ።

አሁን ወደ ጅማ ልምጣ፤ እዚህ የምንሠራው ነገር የሚያሳስበኝ በሁለት ምክንያት ነው።

አንደኛው ልብስ ነው። ጅማ ላይ በአማርኛ የሚሠራ ድራማ ውስጥ ያለችው እናት ሁልጊዜ ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላ አጣፍታ፣ መቀነት ታጥቃ ትወጣለች። ከአዳራሹ ወጥታችሁ ሂርማታ ገበያ ሂዱ። እዚያ በርበሬ የምትሰፍረው፣ ቡና የምትገዛና የምትሸጠው፣ በኦሮምኛ ተደራድራ በአማርኛ ሂሳብ የምታወራርደው እናት ብዙ ጊዜ ሂጃብ ወይም ሻርፕ ነው ያደረገችው። መድረካችን ላይ ግን የለችም። ከአዲስ አበባ በቴሌቪዥን የመጣችውን እናት ተበድረን የጎረቤታችንን እናት ረስተናል።

አንድ ልምምድ ላይ ያየሁትን ላጫውታችሁ። ተዋናይቷ ወጣት ናት፤ ከመድረክ ውጭ ስትስቅ አዳራሹ ይሞላል። «እናት ሁኚ» ስትባል ነጠላ ተሰጣትና ወዲያው ትከሻዋ ተሰበሰበ፣ ዓይኗ መሬት ወረደ፣ ድምፅዋ ቀጠነ። ማንም አላዘዛትም። ነጠላው ራሱ የአጨዋወት መመሪያ ይዞ የመጣ ይመስል ነበር። ነጠላ እኮ ብዙ ቋንቋ አለው፤ ለሐዘን ጥለቱ ወደ ላይ ይሆናል፣ ለቤተ ክርስቲያን ይመሳቀላል፣ ሰው ፊት ለአክብሮት ይደገደጋል። መድረክ ላይ ግን አንዱን ብቻ፣ የማፈርን፣ ነው የምንናገርበት። እናም ነጠላውን ተቀብለን ከቤት አድርጋ የመጣችውን ሻርፕ እንድታደርግ ጠየቅናት። መጀመሪያ እጇን የምታደርግበት ጠፋት። አፏን ልትሸፍን ሄዳ ተወችው። ቆየችና የሻርፑን ጫፍ ፈታች፤ እናቶች ገንዘብ እንደሚቋጥሩበት አድርጋ የሌለ ብር አወጣች፣ ምራቋን ጣቷ ላይ ነክታ ቆጠረች፣ ሁለቱን መልሳ ቋጠረች፣ የቀረውን ለልጁ ሰጠችው። «በሰዓቱ ተመለስ» ከሚለው ቃለ ተውኔት በፊት ነው ይህን ሁሉ ያደረገችው። ልጁን የሚጫወተው ተዋናይ በእውነት ተቆጣጣሪ ፊት የቆመ መሰለ። ያቺን እናት ሁላችንም እናውቃታለን፤ መድረክ ላይ ግን እስከዚያች ቀን አይተናት አናውቅም ነበር።

ሁለተኛው በርጩማ ነው። የጅማ በርጩማ አገር ያወቀው ነው፤ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣ፣ እግሩ ሦስት። መድረክ ላይ ከፍታ ሥልጣን ነው፤ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ዝቅ ብሎ የተቀመጠውን ያዛል፤ ይህን የማያውቅ አዘጋጅ የለም። ባል ሶፋ ላይ፣ ሚስት ረከቦቱ አጠገብ በርጩማ ላይ። እሷ «ዛሬም አመሸህ» ትላለች። ከታች ወደ ላይ ሲነገር ልመና ነው። አቀያይሯቸው፤ እሱ በርጩማ ላይ ሆኖ ጫማውን ይፍታ፣ እሷ ሶፋው ላይ ትሁን። «ዛሬም አመሸህ።» ምርመራ ሆነ። አንድ ፊደል አልተቀየረም።

ይሁንና በርጩማውን አውጥታችሁ አትጣሉት። እዚህ ላይ ሥልጠና የሚሰጡን ሰዎች የሚሳሳቱ ይመስለኛል፤ በርጩማ ላይ የተቀመጠች ሴት ሲያዩ አገልጋይ ብቻ ነው የሚታያቸው። የጅማ ቤት ውስጥ ቡና ላይ የተቀመጠችን ሴት አስተውሉ። ቄጠማው ከተጎዘጎዘበት፣ ጢሱ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ቤቱ የእሷ ነው። ከአቦል በረካ እስኪደርስ ማን እንደሚነሣ ማን እንደሚቆይ በእሷ ፍጥነት ይወሰናል። የሰፈሩ ወሬ የሚገባው በእሷ በኩል ነው፤ የሚወጣውም እሷ ከፈቀደች ነው። ተቆጥታ ሲኒውን ጠንከር አድርጋ ስታስቀምጥ ሶፋው ላይ ያለው ሁሉ ዝም ይላል። ይህን ሥልጣን መድረክ ላይ አናሳየውም፤ ቡናው ለእኛ ማስጌጫ ሆኗል። ተዋናይቷ ባዶ ጀበና ይዛ ባዶ ሲኒ ላይ ታንቆረቁራለች፣ ዋናው ወሬ ሶፋው ላይ ይካሄዳል። እውነተኛ ቡና ይፈላ። ሶፋው ላይ ያሉት ሲኒው እጃቸው እስኪገባ ድረስ ይጠብቁ። ትዕይንቱ በማን እጅ እንዳለ ያኔ ይለያል።

የጅማ ነገር ካነሣሁ፣ ለጸሐፊዎቻችሁ አንድ ርዕስ ልጠቁም። ስለ አባ ጅፋር ተውኔት ሲታሰብ ሁሉም የሚያስበው ንጉሡን፣ ፈረሱን፣ የጅሬን ቤተ መንግሥት ነው። ግዛታቸውን ያለ ጦርነት ለምኒልክ ገብረው ማቆየታቸው ሲወሳ ግን የእናታቸው የገኔ ጉሚቲ ምክር አብሮ ይነሣል። ልጇ ወጣት ንጉሥ ነው፤ ዙሪያው ፈረሰኛ ሞልቷል፤ «እንዋጋ» ማለት ወንድነት ነው። «አንዋጋም» የሚለውን ቃል የምታመጣው እሷ ናት። ትዕይንቱ ከዚህ የበለጠ ምን ግጭት ይፈልጋል? ብትጽፉት ግን አደራ፣ ገኔን ከመጋረጃ ኋላ አታናግሯት።

ወንዶቹን እንዳልረሳሁ እንድታውቁ ስለ እነሱም ልበል። ወንድነትም ይተወናል፤ እንዲያውም ከሴትነት ይልቅ የሚጮኸው እሱ ነው። ፉከራ፣ ቀረርቶ፣ እዚህ ደግሞ ጌራርሳ የሚባለው የኦሮሞ የጀግንነት ዜማ፣ ሁሉም ወንድ ራሱን በሰው ፊት የሚሠራባቸው ጥበቦች ናቸው። ማንም ሰው ሲወለድ አይፎክርም። በጣም የሚገርመኝ ግን ይህን ጥበብ ሴቶችም ሲወስዱት ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ የዛር ሥርዓት ተከታትሎ ኋላ ቴአትራዊ ገጽታውን የሚመረምር መጽሐፍ ጽፏል። ዛሩ ወንድ፣ ጦረኛ፣ የሰፈረባት ግን ሴት፤ «ፈረሱ» ትባላለች። ዛሩ ሲወርድባት ያች ትላንት አንገቷን የደፋች ሴት ትፎክራለች፣ ታዛለች፣ ቤተሰቡ ሽቶና ልብስ ያቀርባል፣ ባሏ ይለማመጣታል። ስለ መንፈሱ ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ የማየው አንዲት ሴት የወንድን ድምፅ፣ አቋምና ትእዛዝ ያለ ምንም ልምምድ ክፍል ጠንቅቃ ማወቋን ነው። ዕድሜዋን ሁሉ ስታየው ኖራለች።

ለዚህም ነው የስንዱ ገብሩ ነገር ደጋግሞ የሚመጣብኝ። ስዊዘርላንድ ተምረው የመጡ፣ በወረራው ጊዜ ኢጣሊያ አሲናራ ደሴት የታሰሩ፣ ኋላ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የእቴጌ መነን ሴቶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሳሉ ለተማሪዎቻቸው ተውኔት ይጽፉ ነበር። ሴቶች ብቻ በሚማሩበት ትምህርት ቤት አርበኛውን ማን ይጫወታል? ሹሙንስ? እነዚያ ልጆች የወንድ ምልክት መርጠው ጢም ለጥፈው፣ ድምፅ አጎርንነው ቆመዋል ማለት ነው። የወንዶቹ ልጆች የሴት አጨዋወት ወርዶ ተዋርዶ እኛ ጋር ደረሰ፤ የእነዚህ ልጆች የወንድ አጨዋወት ግን ከትምህርት ቤቱ ግቢ አልወጣም። ቢወጣ ኖሮ የእኛ ባል ሶፋው ላይ እንዴት ይቀመጥ ነበር? ያሳስበኛል።

ንግግሬ እዚህ ላይ አበቃ፤ ከጥያቄዎቹ ሁለቱን እጽፋለሁ።

አንድ ጠና ያሉ ሰው፣ በደርግ ጊዜ በቀበሌ ኪነት ውስጥ የነበሩ፣ ተነሡ። «ልጄ፣ የምትለው ጥሩ ነው፤ ግን ወንድ ቀሚስ ለብሶ ሲወጣ ሕዝቡ ይስቃል፣ ይደሰታል። እሱንም ልትከለክሉን ነው?» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። እንዲህ ብዬ መለስኩላቸው፦ አባቴ፣ አንከለክልም። ወንድ ባልቴት ሆኖ ሲጫወት እኔም እስቃለሁ። የምጠይቀው ሰዉ በምን እንደሚስቅ ነው። ባልቴቲቱ ምላሰኛ፣ ተንኮለኛ፣ ሁሉን የምታውቅ ሆና ካሳቀች፣ ያ ጥሩ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ሴት ብትጫወታትም ታስቃለች። ቀሚሱ ብቻ ካሳቀ፣ ጡት ተብሎ የተወሸቀው ጨርቅ ሲንሸራተት ብቻ ካሳቀ፣ የሳቅነው ሴት በመሆን ነው። በየጸረ ኤድስ ክበቡ በጭውውት ያን ያህል ዓመት እንዲሁ ሠርተናል፤ ወንዱ ተሳስቶ በሽታ ያገኘ ምስኪን፣ ሴቷ በሽታውን ይዛ ጥግ ላይ የቆመች፣ እሷንም የሚጫወተው ሊፕስቲክ የተቀባ ልጅ። ተመልካቹ ሳቀ፤ ትምህርቱ ግን «ከእሷ ራቅ» ሆኖ ቀረ። እሳቸውም «እሱስ እውነት ነው፣ እኔም ሠርቼዋለሁ» ብለው ተቀመጡ።

የመጨረሻዋ ጠያቂ የአንድ ክበብ አባል ናት። «እኛ ክበብ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። የያዝነው ተውኔት ግን አራት ሴቶች አሉት። ምን እናድርግ?» አለች። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር።

እህቴ፣ አልኳት፣ ልምምዳችሁ ስንት ሰዓት ላይ ነው? «ማታ፣ ከሥራና ከትምህርት መልስ» አለች። እንግዲህ መልሱ ግማሹ እሱ ነው። ከመሸ በኋላ ሴት ልጁን የሚለቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ባጃጅም በዚያ ሰዓት ዋጋው ሌላ ነው፤ መንገዱም ጨለማ ነው። ልምምዱን ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሑድ አድርጉት። ክበቡ ውስጥ ካሉት ወንዶች በዕድሜ የሚበልጠው ካንቺ ጋር ሆኖ የሦስት ልጆች ቤት ሄዶ ወላጆቻቸውን ያነጋግር፤ ልምምድ መጥተው እንዲያዩም ይጋብዛቸው። እናቶቹ አንድ ጊዜ መጥተው ካዩ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይቀላል። እስከዚያ ድረስ ሴቶቹን ወንዶቹ ይጫወቱ፤ ችግር የለውም፤ ግን ሦስት ነገር ከልክሏቸው፦ ድምፅ ማቅጠን፣ አፍ በነጠላ መሸፈን፣ ደረት ላይ ጨርቅ መወሸቅ። እነዚህን ሦስቱን ካጡ ሌላ ነገር ለመፈለግ ይገደዳሉ፤ የሚፈልጉትም እቤታቸው ካለችው እናት ዘንድ ነው።

«እኔስ ማንን ልጫወት?» አለች።

ተውኔታችሁ ውስጥ ሽማግሌዎች አሉ? አልኳት። አሉ አለች። እንግዲያውስ ከሽማግሌዎቹ መሃል ብዙ የሚያወራውን አንቺ ውሰጂው።